የሞምባሳ ወደብ አለቃ ማን ነው?

ባለፈው ሞያሌ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሥራውን ገና የጀመረች አንዲት ልጅ የስቶሬጅ ደረሰኟን ዘርግታ፣ «እትዬ፣ ይሄን ታሪፍ የሚያወጣው ማነው? ቅር ያለው ሰውስ ለማን ነው የሚናገረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለትራንዚተርሽ» አልኳትና ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። ኮሜርስ ስማር ቦርድ ማለት ባለቤቶችን ወክሎ ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠር አካል ነው ተብሎ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። የሞምባሳ ወደብ ባለቤት ታዲያ ማን ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ ስከፍልበት ኖሬ ይህን ጠይቄ አላውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሞምባሳ ደሴት ናት። በምሥራቅ በኩል ያለው አሮጌው ወደብ ለዘመናት የዐረብና የሕንድ ጀልባዎች በነፋስ ወቅት እየጠበቁ የሚገቡበት ነው። ዛሬ ኮንቴይነሮቻችን የሚወርዱበት ግን በምዕራብ በኩል ያለው ኪሊንዲኒ ነው፤ ስሙም በስዋሂሊ ከጥልቅ ውሃ የመጣ ነው። ኪሊንዲኒን ወደብ ያደረገው ባቡር ነው። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ የጀመሩት ሐዲድ በ1901 መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። መርከቦች ግን ለብዙ ዓመት መሐል ውሃ ላይ እየቆሙ ዕቃቸው በትናንሽ ጀልባ ወደ ዳር ይመጣ ነበር። ትልልቅ መርከቦች ተጠግተው የሚያራግፉበት ጥልቅ መቆሚያ የተሠራው በ1920ዎቹ ነው።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ግን ግንባታው አይደለም። ወደቡ ከመጀመሪያው የባቡሩ ጭራ ሆኖ ነው የተፈጠረው። ባቡሩንና ወደቡን የሚያስተዳድረው አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን ዋና ሥራ አስኪያጁ የሚቀመጠው ናይሮቢ ነው። በ1948 የታንጋኒካ ባቡርና ወደቦች ተጨምረውበት የምሥራቅ አፍሪካ ባቡርና ወደቦች አስተዳደር ተባለ። የሞምባሳ ሰው በደጁ ያለውን ወደብ ጉዳይ ለመጠየቅ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ይህን አስታውሱልኝ፤ ከ70 ዓመት በኋላ እዚያው ነገር ላይ እንመለሳለን።

በዚያ ዘመን ወደቡን ከታች ሆነው የተቆጣጠሩት ወዛደሮቹ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በጥር 1947 የሞምባሳ የወደብና የባቡር ሠራተኞች፣ ከነሱም ጋር የሆቴልና የቤት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከተማዋን ለ12 ቀን ያህል አደረቋት። የሠራተኛው ቁጥር እስከ 15,000 ይገመታል። መሪያቸው ሆኖ የወጣው ቼጌ ኪባቺያ በዚያው ዓመት ተይዞ በግዞት ወደ ሰሜን ተላከና ዓመታት እዚያ ቆየ። በ1955 ወዛደሮቹ እንደገና ሲያቆሙ በድርድሩ ጎልቶ የታየው ወጣቱ ቶም ምቦያ ነበር፤ የደመወዝ ጭማሪም አገኙ። ቦርድ ውስጥ ወንበር የሌለው ሰው ሐሳቡን የሚሰጠው ክሬኑን በማቆም ነው። ነጋዴ ግን ክሬን ማቆም አይችልም፤ ክሬን ሲቆም የሚከስረው እሱ ነው።

ነጻነት መጣ። በ1967 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ካምፓላ ላይ ውል ፈርመው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን መሠረቱ። የጋራ ድርጅቶቹን ዋና መሥሪያ ቤት ተካፈሉ፦ ባቡሩ ናይሮቢ፣ ፖስታና ቴሌው ካምፓላ፣ ወደቦቹ ዳሬሰላም። በ1969 ወደብ ከባቡር ተለይቶ የምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ኮርፖሬሽን ሆነ። ትልቁ ወደብ ሞምባሳ ሆኖ ሳለ አለቃው ዳሬሰላም ተቀመጠ ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን በወረቀት ደረጃ ከዚያ በኋላ ከመጣው ሁሉ የተሻለ ዝግጅት ይመስለኛል። ምክንያቱም ባሕር የሌላት ኡጋንዳ በዚያ ኮርፖሬሽን ውስጥ የባለቤትነት ድርሻ ነበራት። ዕቃዋ በሞምባሳ ስለሚያልፍ ደንበኛ ነበረች፤ ደንበኛም ሆና ባለቤት ነበረች።

የፈረሰው ከላይ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ነበር። በጥር 1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ሲይዝ ኔሬሬ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ፤ ሦስቱ መሪዎች ከዚያ በኋላ እንደ ሦስት ተሰብስበው አያውቁም። ሥራ አስኪያጁ ለቦርድ፣ ቦርዱ ለሚኒስትሮች፣ ሚኒስትሮቹ ለሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ያቀርባሉ፤ ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ደግሞ አይገናኙም። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት ሄደ። እያንዳንዱ አገር በግዛቱ የተሰበሰበውን ገንዘብ ወደ ጋራ ዋና መሥሪያ ቤት መላክ እየከበደው መጣ። በ1977 ማኅበረሰቡ ፈረሰ፣ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፣ ንብረቱን ተከፋፍሎ ለመጨረስም እስከ 1984 ፈጀ።

የኬንያ ወደቦች ባለሥልጣን የተወለደው ከዚህ ፍርስራሽ ነው፣ በጥር 1978፣ በፓርላማ አዋጅ። አዋጁ አለቃ የማጣትን ችግር አስተካከለው፤ እንዲያውም አለቃ አበዛበት። የቦርዱን ሊቀመንበር ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ ሌሎቹን አባላት ሚኒስትሩ፣ ከገንዘብና ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ሰዎች በሥልጣናቸው ይገባሉ። በ1986 ዕቃ የማውረድና የመጫን ሥራ ይሠራ የነበረው ድርጅትም ተጠቃለለበት። ስለዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት ወደቡን በባለቤትነት ይይዛል፣ ያስተዳድራል፣ ዕቃ ያራግፋል፣ የታሪፍ መጽሐፉንም ያዘጋጃል። በ2004 የኬንያ ማሪታይም ባለሥልጣን ሲቋቋም ሥራው በአብዛኛው የመርከብ ደህንነትና የባሕረኞች ጉዳይ ሆነ እንጂ የወደብ ዋጋ አልሆነም። ያቺ ልጅ ሻይ ቤት የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፦ ዋጋውን የሚያወጣውም አቤቱታውን የሚሰማውም ያው ነው።

ኡጋንዳስ? በአንድ ሌሊት ከባለቤትነት ወደ ደንበኝነት ወረደች። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናነብ ልባችን ወደ አሰብ መሄዱ አይቀርም። አሰብ እስከ 1991 በአገራችን መንግሥት እጅ ነበር፤ ኤርትራ በ1993 ነጻነቷን ስታውጅ በስምምነት የምንጠቀምበት የሰው ወደብ ሆነ፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ በሩ ተዘጋና ዕቃችን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ቁጭት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ የማነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ኡጋንዳና ጎረቤቶቿ ባለቤትነቱ ሲያመልጣቸው ቁጭ ብለው አላዘኑም። በ1985 ከኬንያ፣ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ጋር ቡጁምቡራ ላይ የሰሜን ኮሪደር የትራንዚት ስምምነትን ፈረሙ። ጽሕፈት ቤቱ ሞምባሳ ነው። ዛዬር ኋላ ገባች፣ ደቡብ ሱዳን ደግሞ ነጻ ከወጣች በኋላ። ባለቤትነት ባይኖርም ውል አለ፣ የሚሰበሰቡበት ጠረጴዛ አለ። በመሥራቾቹ ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም፤ ያኔ አሰብ ነበረንና ማን ያስባል።

ወደብ ማለት ምን እንደሆነ በሥጋዬ የተማርኩት በ2008 መጀመሪያ ነው። ናይሮቢ ኢስሊ ነበርኩ፤ በሕይወቴ ሁለተኛዬ የሆነው ኮንቴይነር፣ ቴርሞስና ሳህን የሞላበት፣ ሞምባሳ ደርሷል። የኬንያ የምርጫ ውጤት በታኅሣሥ መጨረሻ ሲነገር አገሩ ተናወጠ። ኪቤራ ላይ ሐዲዱ ተነቀለ፣ የናይቫሻና የኤልዶሬት መንገድ ተዘጋ፣ ካምፓላ ነዳጅ አጣች። ወደቡ ላይ ዕቃ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ማንም ጥፋተኛ አልነበረም፤ ቀኑ ግን ይቆጥራል። ያኔ ነው ስቶሬጅ የወደቡ፣ ዲመሬጅ የመርከብ ድርጅቱ እንደሆነ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን እንደሚሮጡ የገባኝ። ኮንቴይነሩ ሲወጣ ትርፉ አልቆ ነበር፤ ሳህኖቹን በመግዣቸው ሸጥኳቸው። ቴርሞሱ ግን አተረፈኝ፣ ብርድ ነበር።

ከዚያ ዓመት በኋላ ወደብ እንዴት ይሻሻል የሚለው ወሬ ሁለት መልክ ያዘ። አንደኛው ክሬን፣ መቆሚያ፣ ተርሚናል ነው። በጃፓን ብድር የተሠራው ሁለተኛው የኮንቴይነር ተርሚናል የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2016 ሥራ ጀመረ፤ ጥቅሙን ሁላችንም አይተናል። ሁለተኛው መልክ ብዙ ያልተወራለት ነው፣ እኔ ግን የምወደው እሱን ነው። በሰኔ 2014 በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ፊት የሞምባሳ ወደብ ማኅበረሰብ ቻርተር ተፈረመ። ወደቡ፣ ገቢዎች፣ ደረጃ መዳቢው፣ ፖሊስ፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶች፣ ትራንዚተሮች፣ የመርከብ ወኪሎች እያንዳንዳቸው ምን በስንት ጊዜ እንደሚሠሩ ጽፈው ቃል ገቡ። ቃል ብቻ ቢሆን አላነሳውም ነበር። የሰሜን ኮሪደር ጽሕፈት ቤት መርከብ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ዕቃ ወደብ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ፣ መኪና እስከ ድንበር ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እየለካ በየጊዜው ለማንም ሰው እንዲታይ ያወጣል። ቻርተሩ የቅጣት ሥልጣን የለውም፤ ጥርስ የለውም የሚሉት ልክ ናቸው። ነገር ግን ነጋዴ ከቦርድ ውጭ ሆኖ ቁጥር በእጁ ሲይዝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

አዲሱ ባቡር ደግሞ ሁሉንም ወደ ኋላ ጎተተው። የሞምባሳ–ናይሮቢው ሰፊ ሐዲድ በግንቦት 2017 ተመረቀ፤ ጭነት በ2018 መጀመሪያ መጓጓዝ ጀመረ። ብድሩ የቻይና ኤክዚም ባንክ ነው። ብድሩ እንዲመለስ ባቡሩ ጭነት ማግኘት ነበረበት፤ ስለዚህ በ2014 ወደቦች ባለሥልጣኑ ለባቡሩ የተወሰነ ጭነት እንደሚያቀርብ፣ ካላቀረበ እንደሚከፍል ውል ገባ። ውሉን ከነጋዴው ወገን ያየው የለም። በታኅሣሥ 2018 ከዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ የወደቡ ሀብት ለብድሩ ተጋልጧል የሚል ጥያቄ አንስቶ ጋዜጦቹን ሁሉ ሞላ፤ መንግሥት አስተባበለ። ልክ የትኛው እንደሆነ ሰው ሊፈርድ የሚችለው ውሉን ሲያነብ ነበር፤ የብድር ውሎቹ በከፊል ለሕዝብ የወጡት ግን በኖቬምበር 2022 ነው፣ ከተፈረሙ ከ8 ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ተቀይሮ።

በነሐሴ 2019 ወደቦች ባለሥልጣኑና ገቢዎች በጋራ ባወጡት ማስታወቂያ ወደ ናይሮቢና ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ገቢ ዕቃ ሁሉ በባቡር ወጥቶ ናይሮቢ ደረቅ ወደብ ይፈተሽ ተባለ። የሞምባሳ የጭነት መኪና ሹፌሮች፣ የጋራዥ ሰዎች፣ ትራንዚተሮች፣ ምግብ የሚሸጡ ሴቶች በየሳምንቱ ሰልፍ ወጡ። ያልኳችሁን አስታውሱ፦ የወደቡ ጉዳይ እንደገና ናይሮቢ ወጣ። መንግሥት በጥቅምት ትእዛዙን ለጊዜው አቆምኩት አለ። የሞምባሳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2020 በሰጠው ፍርድ ደግሞ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሕዝብ ሳይመከርበት መውጣቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ልብ በሉ፣ ባቡሩ መጥፎ ነው አላለም፤ ሳትጠይቁ አደረጋችሁት ነው ያለው። ለእኔ ከ1947ቱ አድማ ወዲህ ወደቡን ከውጭ ሆኖ ያስቆመ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ደግሞ ማንም በግዞት አልሄደም። የመጨረሻው እልባት የመጣው ግን ከፍርድ ቤት አይደለም፤ በመስከረም 2022 አዲሱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሥልጣን በያዙበት ቀን በአንድ ንግግር ፍተሻው ወደ ሞምባሳ ይመለስ አሉ፣ ተመለሰም። ብዙዎቻችን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ኋላ ሳስበው ግን በአንድ ቃል የተመለሰ ነገር በአንድ ቃል ሊሄድም ይችላል።

በዚያው ሰሞን ወደቡ ውስጥ ሰው መቀያየር የተለመደ ሆነ። ከ2018 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ዋና ዳይሬክተርነቱ በቋሚም በተጠባባቂም ቢያንስ በአምስት ሰዎች እጅ አልፏል። በነሐሴ 2020 ደግሞ ወደቡ፣ ባቡሩና የነዳጅ ቧንቧው በአንድ ጥላ ሥር ሆነው ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲዞሩ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ተወሰነ። 1948 ተመለሰች ማለት ነው፣ ወደብና ባቡር እንደገና በአንድ ቤት።

ሰው መቀየር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ዳሬሰላም ቀድማ በዳነች። በኖቬምበር 2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ካሲም ማጃሊዋ ሳይታሰብ ወደብ ገብተው ከ300 በላይ ኮንቴይነሮች ቀረጥ ሳይከፈልባቸው መውጣታቸውን ይፋ አደረጉ፤ ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ በታኅሣሥ ቦርዱን በተኑት። እኔ ያን ጊዜ በደስታ ለሁሉም ስደውል ነበር። የሚገርመው ግን ታንዛኒያ እኛ የምንመኘው ነገር በወረቀት ነበራት፤ ከወደቡ የተለየ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪ፣ ከጎኑም የተጠቃሚዎች ምክር ቤት። ኮንቴይነሮቹ በዚያ ሁሉ መሐል ነው ያለፉት። ስለዚህ ተቋም አቋቁሙ ብሎ ብቻ መጮህም አይበቃም። ተቆጣጣሪው የሚያየው ታሪፍና ወረቀት ነው፤ በር ላይ የትኛው ሳጥን በየትኛው ፈቃድ እንደወጣ የወደቡና የጉምሩኩ መዝገብ ጎን ለጎን ካልተያዩ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ሁሉም የሚለው «ለግል ይሰጥ» ነው። በ2023 የሞምባሳና የላሙ ተርሚናሎችን ለግል ድርጅቶች የማከራየት ሐሳብ ተነስቶ ከወዛደሮች ማኅበርና ከፖለቲከኞች ተቃውሞ ገጥሞት ፍርድ ቤት ደርሷል። ተቃዋሚ አይደለሁም፣ ደጋፊም አይደለሁም። የግል ድርጅት ክሬን በደንብ ሊያሠራ ይችላል። ግን ድርጅቱን የሚቆጣጠረው ማነው ስንል ተመልሰን ባለሥልጣኑ ጋ እንመጣለን፣ ባለሥልጣኑንስ ስንል ሚኒስትሩ ጋ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ጋ። እኔ ለውጥ ካሉኝ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ታሪፍ ሲቀየር ረቂቁ አስቀድሞ ይለጠፍና ከከፋዩ አስተያየት ይሰማበት። ቦርዱ ውስጥ ከሚኒስትር ሳይሆን ከተጠቃሚ ማኅበራት የሚላክ ሰው ይግባ፣ ከነሱም አንዱ ከድንበር ማዶ ይሁን። ወደቡ በሌላ ድርጅት ዕዳ ሲታሰር ውሉ በፊርማው ሰሞን ይታይ እንጂ ከ8 ዓመት በኋላ አይሁን። ዋና ዳይሬክተሩም ሲነሳ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገር።

ከድንበር ማዶ የምለው እኛን ነው። ላሙ በመጋቢት 2012 መሠረቱ ሲጣል ኪባኪ፣ መለስና ሳልቫ ኪር ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ የመጀመሪያው መቆሚያ በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ፣ የሚያስተዳድረውም ያው የኬንያ ወደቦች ባለሥልጣን ነው። የሞያሌው የጋራ የድንበር ጣቢያ ደግሞ በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አባቶቻችን፤ ጅቡቲ አንዱ ባላ ከሆነ ላሙና ሞምባሳ ሁለተኛው ነው። ባላው ሲተከል ግን እኛ ነጋዴዎቹ ገና ጠረጴዛው ላይ የለንም።

ያቺን ልጅ ባለፈው ሳምንት አገኘኋት። የሰሜን ኮሪደር ጽሕፈት ቤት የሚያወጣውን ቁጥር ከስልኬ አሳየኋት፤ ዕቃ ወደብ ውስጥ በአማካይ ስንት ቀን እንደሚቆይ። ደረሰኟን አውጥታ የሷን ቀን ከአማካዩ ጋር አስተያየችና ብዕር ለመነችኝ። ደብዳቤውን አማርኛ ረቂቅ አድርገን ጀመርነው፤ ስዋሂሊውን ልጄ ትጽፍላታለች። አድራሻው ላይ ስንደርስ ቆምን። «ለማን እንበል?» አለችኝ። «ለቦርዱ ሊቀመንበር በይ፣ ግልባጭ ለሰሜን ኮሪደር ጽሕፈት ቤት» አልኳት።